ውጭ አገር ለሚኖርና ለሚዞር አንባቢ፣ የቱ ኢ-ሪደር?

«የቱን ኢ-ሪደር (የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ) ልግዛ?» የሚለኝ ሰው በዝቷል። አንዱ ለትምህርት ሊሄድ ነው። ሌላዋን ሥራዋ በየወሩ ከአገር አገር ያዞራታል። ሁለቱም መጽሐፍ ተሸክመው የሻንጣ ኪሎ ያለፈባቸው ሰዎች ናቸው። ለየብቻ ከምመልስ እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው። ሦስት ኢ-ሪደር ገዝቻለሁ፤ አንዱን ሰብሬያለሁ። ሙያዬ ይኸው ነው።

ሰው ኢ-ሪደር ሲያወዳድር መጀመሪያ ስክሪኑን ያያል። እሱ ግን ብዙም አያለያያቸውም። ኪንድልም ኮቦም ፖኬትቡክም የሚጠቀሙት የኢ-ኢንክ ስክሪን ነው። አሁን የሚሸጡት ደህና ደህናዎቹ በአንድ ኢንች 300 ፒክስል አላቸው፤ ፊደሉ ወረቀት ላይ የታተመ ይመስላል። ባትሪውም እንደዚያው። ገጹ አንዴ ከተሳለ ባለበት ለመቆየት ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ባትሪ የሚበላው ገጽ ሲገለጥ፣ መብራቱ ሲበራና ዋይፋይ ሲከፈት ነው። ስለዚህ አንዴ ቻርጅ ከተደረገ ሳምንታት ይቆያል። ፀሐይ ላይ ደግሞ ስልክ እንደ መስታወት የራሳችሁን ፊት ሲያሳያችሁ፣ የኢ-ሪደሩ ስክሪን እንዲያውም ይጠራል።

አገር ለሚቀያይር ሰው ልዩነቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። መጽሐፉን ከየት አመጣለሁ? ዕቃዬን ጠቅልዬ ስሄድስ አብሮኝ ይሄዳል ወይ?

ከአማዞኑ ኪንድል ልጀምር፤ ሰው ሁሉ የሚያውቀው እሱን ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ወጣ። ሱቁ ትልቅ ነው፤ ዕቃውም አያስቸግርም። የ2024ቱ ትንሹ ኪንድል 158 ግራም ብቻ ነው፤ በአንድ እጅ ይዛችሁ ቆማችሁ ታነባላችሁ። ችግሩ አካውንቱ ከአንድ አገር ሱቅ ጋር የታሰረ መሆኑ ነው። የመጽሐፍ መብት በየአገሩ ተከፋፍሎ ስለሚሸጥ፣ አንድ ሱቅ ላይ ያለ መጽሐፍ ሌላው ላይ ላይኖር ይችላል። ኑሯችሁን ጠቅልላችሁ ስትሄዱ የአገር ቅንብሩን መቀየር ይቻላል። የወር ክፍያ ያላቸው አገልግሎቶች ግን በመሃል ሊቋረጡ ይችላሉ። ለሦስት ሳምንት ጉዞ ብላችሁ አትነካኩት። በነበረው አካውንት ከየትም ሆናችሁ መግዛት ትችላላችሁ።

ካርድ ላይም ተጠንቀቁ። እኔ አንድ ጊዜ (የየትኛው ሱቅ እንደሆነ ይቅር) አድራሻዬን ወደ አዲሱ አገር ቀይሬ የባንክ ካርዴን ግን ሳልቀይር ቀረሁ። ሱቁ ካርዱን አልቀበልም አለ። ወደ ድሮው አድራሻ ስመልሰው ደግሞ «በቅርቡ ስለቀየሩ ይጠብቁ» አለኝ። ግማሽ ቀን ከደንበኞች አገልግሎት ጋር ስጨቃጨቅ ዋልኩ። ቅደም ተከተሉ ቀላል ነበር፤ መጀመሪያ የአዲሱ አገር ካርድ፣ ከዚያ አድራሻ።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 አማዞን የተገዛ መጽሐፍን ኮምፒውተር ላይ አውርዶ በኬብል የማስተላለፊያ መንገዱን ዘግቷል። የገዛችሁት መጽሐፍ በኪንድልና በኪንድል አፕ ላይ ይነበባል፤ ፋይሉ ግን እንደ ድሮው እጃችሁ አይገባም። ለአንዳንዱ ይህ ምንም አይደለም። ለእኔ ግን ትልቅ ነገር ነው።

በዚህ ምክንያት ለብዙ ተጓዥ የምጠቁመው ኮቦን ነው። ኢፐብ የሚባለውን የተለመደ የመጽሐፍ ፋይል እንዳለ ያነባል። በኬብል ከኮምፒውተር ጋር አገናኝታችሁ እንደ ፍላሽ ፋይሉን ትጎትቱበታላችሁ፤ አለቀ። ኪንድልም ከ2022 ወዲህ ኢፐብ ይቀበላል፤ ግን በ«ሴንድ ቱ ኪንድል» በኩል ተልኮ፣ ተቀይሮ ነው የሚደርሰው። ኢንተርኔት በሌለበት ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። የኮቦ ሱቅ የአገር ገደብ የለበትም ማለቴ አይደለም፤ እዚያም አለ። ግን ከሱቁ ውጭ ለመኖር ይመቻል።

ከኮቦዎቹ ክላራ ትንሹ ነው፤ ኪስ ይገባል። ሊብራ ሰፋ ይላል፤ በጎኑ ሁለት የገጽ መግለጫ ቁልፎች አሉት። ቁልፍ ምን ያደርጋል የሚል አለ። ብርድ አገር አውቶቡስ ስትጠብቁ ይገባችኋል። ጓንት አድርጋችሁ ስክሪኑን ብትነኩት አይሰማችሁም። ቁልፉን በአውራ ጣት ጫን ማለት ብቻ ነው፤ እጃችሁ ሳይወጣ ገጹ ይገለጣል። ሁለቱም ውኃ አይፈሩም፤ ሁለት ሜትር ጥልቀት ውስጥ እስከ 60 ደቂቃ ይችላሉ። ትንሹ ኪንድል ይህ የለውም፤ ፔፐርዋይት የሚባለው ከፍ ያለው ኪንድል ግን አለው።

ኮቦን ከምንም በላይ የምወድለት ግን ለቤተ መጻሕፍቱ ነው። ውጭ የሚኖር ሰው አዲስ ከተማ ሲገባ መጀመሪያ ማውጣት ያለበት ካርድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ካርድ ይመስለኛል። በብዙ አገር የመኖሪያ አድራሻ ማሳየት ይበቃል። ብዙዎቹ ቤተ መጻሕፍት ኢ-መጽሐፍ በኦቨርድራይቭ በኩል ያውሳሉ፤ በስልክ ሊቢ የሚባለው አፕ የእሱ ነው። ኮቦ ላይ ኦቨርድራይቭ ውስጡ ስላለ፣ ካርዱን አንዴ ካስገባችሁ ከዕቃው ላይ ሆናችሁ ፈልጋችሁ ትዋሳላችሁ። ቀኑ ሲደርስ መጽሐፉ ራሱ ይመለሳል፤ የመዘግየት ቅጣት የሚባል ነገር የለም። ኪንድል ላይ ይህ የሚሠራው ለአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ብቻ ነው። አሜሪካ ከሆናችሁ እንግዲህ ኪንድልም አያሳፍርም። ተፈላጊ መጽሐፍ ወረፋ አለው፤ ወራት ሊፈጅ ይችላል። እኔ አምስት ስድስት መጽሐፍ ላይ ወረፋ ይዤ እረሳቸዋለሁ። ድንገት ሦስቱ በአንድ ሳምንት ይደርሱና ጉድ እሆናለሁ።

ቡክስ የሚባለውስ? እሱ አንድሮይድ ነው። የኪንድል አፕ፣ የኮቦ አፕ፣ ሊቢ፣ ሁሉንም ትጭኑበታላችሁ። ከሁለት ሦስት ሱቅ መጽሐፍ ላከማቸ ሰው ጥሩ መፍትሔ ነው። ግን ባትሪው ቶሎ ያልቃል፤ ቅንብሩም ብዙ ነው። ጎርጎሮ ማስተካከል የሚወድ ይግዛው። ፖኬትቡክ በሌላው ጫፍ ነው፤ ብዙ ዓይነት ፋይል ሳያጉረመርም ይከፍታል፤ አካውንት ባይኖራችሁም ግድ የለውም።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ። የአማርኛ ፋይል ጭናችሁ ስትከፍቱ ከፊደሉ ይልቅ ባዶ ሳጥን ተደርድሮ ካያችሁ አትደንግጡ፤ ፋይሉ አልተበላሸም። ዕቃው የግዕዝ ፊደል ፎንት የለውም ማለት ነው። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ የሚባሉትን ፎንቶች በነፃ አውርዱ። ኮቦውን በኬብል አገናኙና «fonts» የሚል አዲስ ፎልደር በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ከሌላ ፎልደር ውስጥ ሳይሆን ፊት ለፊት ክፈቱ። ፎንቱን እዚያ አስገቡ። መጽሐፉን ከፍታችሁ ከፊደል ምርጫው ውስጥ ምረጡት። ሳጥኖቹ ወደ ፊደል ሲለወጡ ማየት ደስ ይላል። ፎንቱ የሚሠራው መጽሐፉ ውስጥ ስለሆነ ርዕሱ ዝርዝሩ ላይ ሳጥን ሆኖ ሊቀር ይችላል። እኔ ካሊበር በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ርዕሱን በላቲን ፊደል እጽፈዋለሁ። ካሊበር ለሌላም ያገለግላል፤ መጽሐፎቻችሁን ኮምፒውተር ላይ በሥርዓት ያስቀምጣል፤ ያልተቆለፈ ፋይልንም ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው ይቀይራል።

በስካነር የተነሣ ፒዲኤፍ ከሆነ ግን ፎንት አያድነውም። እሱ ፎቶ ነው። በስድስት ኢንች ስክሪን ላይ ፊደሉ ጉንዳን ያክላል። ዕቃውን አግድም አዙራችሁ በግማሽ በግማሽ ገጽ ማንበብ ይቻላል፤ ለሃያ ገጽ ይሆናል፤ ከዚያ በላይ ያሰለቻል። ሥራችሁ ፒዲኤፍ ከሆነ አሥር ኢንች የሚያልፈውን ዓይነት ፈልጉ።

ባለ ቀለሙን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። በብዙዎቹ ላይ ጥቁርና ነጩ 300 ፒክስል ሲሆን ቀለሙ 150 ነው። ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ነው፤ ጀርባውም ከጥቁርና ነጩ ትንሽ ይጠቁራል። ለካርታና ለጉዞ መመሪያ ያምራል። ልብ ወለድ ለሚያነብ ሰው ጥቁርና ነጩ ይበቃዋል።

የሰበርኩትን ነገር ልንገራችሁ። ያለ ሽፋን ከቁልፍ ጋር ቦርሳ ውስጥ ወርውሬው ነበር። ቦርሳውን የአውሮፕላኑ ሻንጣ ማስቀመጫ ውስጥ ሰው በሻንጣው ተጭኖት ነው መሰለኝ፣ ስከፍተው ከታች አዲስ ገጽ ይገለጣል፤ ከላይ ያለው ግማሽ ትናንት ያቆምኩበት ገጽ እንደተሳለ ደርቆ ቀርቷል። ጭረት የለው፣ ስንጥቅ የለው። የተሰበረው ከመስታወቱ ሥር ያለው ነው። ስለዚህ ሽፋን ከዕቃው ጋር አብሮ ይገዛ፤ ክዳኑ ጠንካራ ይሁን። ባትሪ ስላለው ደግሞ ከእናንተ ጋር ወደ ላይ ይግባ እንጂ ለጭነት አትስጡት።

መጽሐፍ ከመነሣታችሁ በፊት አውርዱ። የሆቴልና የኤርፖርት ዋይፋይ የክፍል ቁጥር ወይም ስልክ የሚያስሞላ ገጽ ያመጣል፤ ኢ-ሪደር እዚያ ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ ይንተባተባል። ካቃተው ከስልካችሁ ሆትስፖት ስጡት። ነፃ መጽሐፍ የሚፈልግ ፕሮጀክት ጉተንበርግን ይሞክር፤ እ.ኤ.አ. በ1971 የተጀመረ ነው፤ የመብት ዘመናቸው ያለፈ ከ70,000 በላይ መጻሕፍት አሉት።

ያገለገለ መግዛት ችግር የለውም፤ እኔም አንዱን እንዲያ ነው የገዛሁት። ብሩን ከመስጠታችሁ በፊት ግን ሻጩ ፊታችሁ ላይ ከአካውንቱ እንዲያስወጣው አድርጉ። ከዚያ በራሳችሁ አካውንት ግቡና አንድ መጽሐፍ ከፍታችሁ አሥር ገጽ ያህል ግለጡ። ዳር ዳሩን እዩ፤ የማይጠፋ መስመር ካለ ተዉት።