ደጅ ወጥቶ ሕንፃና አትክልት ቦታ በውሃ ቀለም መሣል፦ ከየት ልጀምር?

ጀማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቤት ውስጥ ፎቶ እያየሁ በውሃ ቀለም ስሥል ቆይቻለሁ። እሱ ብዙም አያስቸግረኝም። አሁን ግን ደጅ ወጥቼ በዓይኔ እያየሁ መሣል አምሮኛል። በተለይ አሮጌ ሕንፃ ከነአትክልት ቦታው።

ችግሩ ስወጣ ሁሉም ነገር ይደበላለቅብኛል። ዛፉም፣ ሣሩም፣ ቁጥቋጦውም አንድ ዓይነት አረንጓዴ ይሆናል። ሕንፃው ይንጋደድብኛል፤ መስኮቶቹ ሊወድቁ የደረሱ ይመስላሉ። ግማሽ ላይ ስደርስ ደግሞ ጥላው ቦታውን ለቆ ሄዷል። የቱን ልከተል? ቀለሙም ገና ሳልዘረጋው ይደርቃል። ብዙ ዕቃ መሸከም አልፈልግም። እባካችሁ ልምዳችሁን አካፍሉኝ።

እርሳስና ላጲስ፦
እኔ ስለ ሕንፃው ልመልስልሽ። የሚንጋደደው አብዛኛውን ጊዜ የዓይን ከፍታ ስለሚረሳ ነው። ቦታሽ ላይ ተቀምጠሽ ፊት ለፊት ስታዪ ዓይንሽ ሕንፃው ላይ የት ያርፋል? የበሩ ወገብ ላይ? የመስኮቱ ደፍ ላይ? እዚያ ከፍታ ላይ ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ ቀጭን አግድም መስመር አስምሪ።

የጣሪያው ክፈፍና ሌላውም ከመስመሩ በላይ ያለ አግድም ጠርዝ ከአንቺ እየራቀ ሲሄድ ወደ ታች ያዘነብላል። ከመስመሩ በታች ያለው፣ ለምሳሌ የደረጃው ጠርዝ፣ እየራቀ ሲሄድ ወደ ላይ ይወጣል። ቀጥ ብሎ የቆመው ግድግዳ ግን በወረቀቱም ላይ ቀጥ ይበል። ተቀምጠሽ ከጀመርሽ ተቀምጠሽ ጨርሺ። መሃል ላይ ቆመሽ ከቀጠልሽ የዓይንሽ ከፍታ ስለሚቀየር መስመሮቹ አይገጥሙም።

መስመሮቹ የሚገናኙበት ነጥብ ብዙ ጊዜ ከወረቀቱ ውጭ ይወድቃል። ስለዚህ እሱን መፈለግ ትተሽ ዝንባሌውን ለኪ። ክንድሽን ሙሉ በሙሉ ዘርጊ፣ አንድ ዓይንሽን ጨፍኚ፣ እርሳሱን ከጣሪያው ጠርዝ ጋር አስተካክዪ። ከዚያ ዝንባሌውን ሳትለውጪ ወደ ወረቀቱ አምጪው። ለአንቺ ከሚቀርበው የግድግዳ ማዕዘን ጀምሪ። የእሱ ቁመት ለሌላው ሁሉ መለኪያ ይሆንሻል።

መስኮቶቹን በተመለከተ አንድ ዘዴ አለ። ወደ ጎን በሚሸሸው ግድግዳ ላይ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሁለት ሰያፍ መስመር አስምሪ። የተቆራረጡበት ቦታ የግድግዳው እውነተኛ መሃል ነው። የራቀው ግማሽ ከቀረበው ጠበብ ብሎ ታገኚዋለሽ። ቅስት ያለው በርም እንዲሁ ነው። የቅስቱ አናት የሚያርፈው በሩ ላይ ካሰመርሻቸው ሰያፎች መገናኛ ቀጥታ በላይ ነው፤ በማስመሪያ ለክተሽ በምታገኚው መሃል ላይ አይደለም። ብዙ ሰው ቅስት የሚበላሽበት እዚህ ጋ ነው።

እርሳሱን በደንብ ሳትጨርሺ ብሩሽ አትንኪ። እኔ ጊዜዬን ግማሹን ለእርሳስ እሰጣለሁ።

ጥላ አሳዳጅ፦
ከላይ ያለው ልክ ነው፤ የመጨረሻው ምክር ላይ ግን አልስማማም። የጊዜሽን ግማሽ ለእርሳስ ከሰጠሽ ብርሃኑ ጥሎሽ ይሄዳል። ፀሐይ በሰማይ ላይ በሰዓት 15 ዲግሪ ያህል ትጓዛለች። ሁለት ሰዓት ብትቀመጪ 30 ዲግሪ ማለት ነው። የበራው ግድግዳ ሊጨልም፣ የጨለመው ሊበራ ይችላል።

መጀመሪያ ጥላውን ያዢ። እንዴት? የእጅ መዳፍ በምታክል ወረቀት ላይ በእርሳስ ሦስት ደረጃ ብቻ ያላት ትንሽ ንድፍ ሥሪ፤ ነጭ፣ መካከለኛ፣ ጥቁር። ዝርዝር የለም፣ መስኮት መቁጠር የለም። አምስት ደቂቃ ይበቃታል። ከዚያ በዋናው ወረቀት ላይ የጥላውን ዳር በቀጭን እርሳስ አስምሪ። ከዚህ በኋላ ውጭ ያለው ጥላ የፈለገበት ይሂድ። የምትከተዪው የያዝሽውን ነው። ካልጨረስሽ በማግስቱ ሰማዩ ተመሳሳይ ከሆነ በዚያው ሰዓት ተመለሺ።

ጠዋትና አመሻሽ ላይ ጥላው ረዥም ነው፤ ምሰሶውና ክፈፉ ቅርጻቸው ጎልቶ ይወጣል። ግን የጥላው ርዝመት ቶሎ የሚቀያየረውም በዚሁ ሰዓት ነው። ፍጥነት ከሌለሽ ትንሽ ወረቀት ያዢ። ደመናማ ቀን አትናቂ። ብርሃኑ ለረጅም ጊዜ ብዙም ሳይለወጥ ይቆያል፤ አረንጓዴ ለመለማመድ ጥሩ ነው።

ሌላው ነገር፣ ጥላ ግራጫ አይደለም። ነጭ ግድግዳ ላይ የወደቀውን ጥላ ትኩር ብለሽ እዪው። ወደ ሰማይ የዞረው ክፍል ሰማያዊ ይወስዳል። ፀሐይ ያረፈበት መሬት ደግሞ ብርሃን ወደ ላይ ስለሚመልስ ከክፈፉ ሥር ያለው ጥላ ሞቅ ያለ ነው፤ ብርቱካናማ ሊመስል ይችላል። አልትራማሪን ሰማያዊና በርንት ሲየና (ቀላ ያለ ቡናማ) ውሰጂ። በፓሌት (በቀለም መደባለቂያው ሰሌዳ) ላይ አዋሕደሽ አትጨርሻቸው። ወረቀቱ ላይ ገና እርጥብ ሳሉ ራሳቸው ይገናኙ። ጥላው በአንድ ጊዜ፣ በትልቅ ብሩሽ ይቀባ።

ለዚህ የአሜሪካዊውን ሠዓሊ የጆን ሲንገር ሳርጀንትን የውሃ ቀለም ሥራዎች ፈልገሽ እዪ። በጣሊያን አትክልት ቦታዎች የሣላቸው ነጭ ሐውልቶችና ፏፏቴዎች አሉ። ነጩ አብዛኛው ባዶ ወረቀት ነው፤ የሠራው ጥላውን ነው። በ1909 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ያለው የብሩክሊን ሙዚየም 83 የውሃ ቀለም ሥራዎቹን በአንድ ጊዜ ገዝቷል። ስለዚህ ምስሎቹን ማግኘት አያስቸግርም።

ሁሉም አረንጓዴ፦
የአረንጓዴ በሽታ የሁላችንም ነው፣ አይዞሽ 😄 መድኃኒቱ ከቱቦ የወጣ አረንጓዴን ብቻውን አለመቀባት ነው። ሁለት ሰማያዊ፣ ሁለት ቢጫና በርንት ሲየና ካለሽ ይበቃል። ሎሚ ቢጫ ከፍታሎ ሰማያዊ ጋር የሚጮህ፣ ለጋ አረንጓዴ ይሰጣል። የሎው ኦከር (አፈር የሚመስል ቢጫ) ከአልትራማሪን ጋር ደብዘዝ ያለ፣ የወይራ ቅጠል የሚመስል ይወጣዋል። የቱም ከበዛብሽ ትንሽ በርንት ሲየና ጠብ አድርጊበት፣ ይረጋል። በጣም ጥቁር አረንጓዴ ስትፈልጊ ፍታሎ አረንጓዴን ከአሊዛሪን ቀይ ጋር ደባልቂ። ከመውጣትሽ በፊት እነዚህን ቤት ውስጥ በትንንሽ አራት ማዕዘን ቀብተሽ ከነስማቸው ያዢ።

አሁን ዋናው። ቅጠሉ «አረንጓዴ» ስለሆነ አረንጓዴ አትቀቢው። ብርሃኑ ከየት እንደመጣ ጠይቂ። ፀሐይ ከፊት የመታችው ወደ ቢጫ ያደላል። ከኋላው ፀሐይ ያለው፣ ብርሃን ዘልቆት የሚመጣው ቅጠል ከሁሉም የደመቀ ቢጫማ አረንጓዴ ነው። የሚያብለጨልጭ ቅጠል ደግሞ ሰማዩን ስለሚያንጸባርቅ ሰማያዊ፣ እንዲያውም ነጭ ሊመስል ይችላል። ሩቅ ያለው ዛፍ ይፈዛል፣ ወደ ሰማያዊም ይሄዳል። ዓይንሽን ጠበብ አድርገሽ ስታዪ ሦስት ወይም አራት ጅምላ ቅርጽ ብቻ ይቀርሻል። እነሱን ሣዪ። ቅጠል በቅጠል የሚሣል ዛፍ የለም።

አበባ ላይ ደግሞ አበባውን ሳይሆን በመሃሉ ያለውን ጨለማ ቀቢ። ነጭ ጽጌረዳ ከጥቁር የቁጥቋጦ አጥር ፊት ለፊት ካለ ወረቀቱን ባዶ ትተሽ ዙሪያውን አጥቁሪው። በነጭ ቀለም በኋላ ለማዳን መሞከር ብዙ ጊዜ ጭቃ ይሆናል። በቅርንጫፎች መሃል የሚታየውን ሰማይም እንዲሁ ተዪው፤ ግን ከሰፊው ሰማይ ትንሽ አጠቆር አድርጊው፣ አለዚያ ቀዳዳ ሆኖ ይጮሃል።

ቀላል ቦርሳ፦
ስለ ዕቃ አጭር ነው። በካሬ ሜትር 300 ግራም የሆነ ወረቀት፣ ቢቻል ከጥጥ የተሠራ። ቀጭን ወረቀት ሲርስ ይጨማደዳል። አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ጫፉ የሾለ ክብ ብሩሽ። ስድስት ሰባት ቀለም። ሁለት የውሃ ዕቃ፣ አንዱ ለማጠቢያ፣ አንዱ ንጹሕ። ጨርቅ፣ የወረቀት መቆንጠጫ፣ ታጣፊ ወንበር። መሃሉ አራት ማዕዘን የተቆረጠ ካርቶንም ያዢ። በእሱ ውስጥ አጮልቀሽ ምን እንደምትተዪ ትወስኛለሽ። ማቆሚያ የግድ አይደለም፤ ጉልበትሽ ይበቃል።

ፀሐይ በቀጥታ ወረቀቱ ላይ አትረፍ። ነጩ ዓይን ያጥበረብራል፣ የቀለሙን ድምቀትና ጥቁረትም መፍረድ ያቅትሻል። ጥላ ካጣሽ ጀርባሽን ለፀሐይ ሰጥተሽ የራስሽ ጥላ ወረቀቱ ላይ እንዲያርፍ አድርጊ። ጃንጥላ ከያዝሽ ባለቀለም አይሁን፤ ቀይ ጃንጥላ ሥር ሁሉም ቀይ ነው።

መድረቁን በተመለከተ፣ ቀለሙን ከሚያስፈልግሽ በላይ አብዝተሽ በጥብጪ። መሃል ላይ ካለቀብሽ ሌላ እስክትበጠብጪ ዳሩ ይደርቅና መስመር ይሠራል። ሙቀትና ነፋስ ካለ ወረቀቱን በሁለቱም በኩል ቀድመሽ አርጥቢው። ውሃው ውስጥ ጠብታ ግሊሰሪን ብትጨምሪም ያዘገየዋል። ጠብታ ነው ያልኩት፤ ከበዛ ጨርሶ አይደርቅም።

ጀማሪዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ! አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ጥላውን መጀመሪያ ከቀባሁ በኋላ የግድግዳውን ቀለም ስደርብበት አይደፈርስም?

ጥላ አሳዳጅ፦
ሙሉ በሙሉ ካልደረቀ ይደፈርሳል። በእጅሽ ጀርባ ነካ አድርጊው። ከቀዘቀዘሽ ገና እርጥብ ነው። ከደረቀ በኋላ ለስላሳ ብሩሽ በቀለሙ በደንብ አጥግበሽ አንዴ ብቻ እለፊበት። ወዲያ ወዲህ አትፈትጊ። አልትራማሪን በቀላሉ ይለቃል። ፍታሎ ግን ወረቀቱ ውስጥ ስለሚገባ እምብዛም አይነቃነቅም።

እርሳስና ላጲስ፦
እኔ በተቃራኒው የግድግዳውን ፈዛዛ ቀለም መጀመሪያ እቀባለሁ፤ ጥላው ከላይ ይመጣል። ጥላው የት እንደሚያርፍ በእርሳስ ከተያዘ ቅደም ተከተሉ አያስጨንቅም። ሁለቱንም በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ሞክሪና ለእጅሽ የተስማማውን ያዢ።

ጥላ አሳዳጅ፦
በዚህ እንኳን ተስማማን። ጀማሪዋ፣ ስትሞክሪ ግን ከትልቁ ሕንፃ አትጀምሪ። አንድ በር፣ ከአጠገቡ አንድ ቁጥቋጦ፣ መሬት ላይ የወደቀ ጥላ። የሠራሽውን እዚሁ ለጥፊልን፣ እናየዋለን።