ሱኩናን ከየት ልጀምረው? ለጁጁትሱ ካይሰን አዲስ ለሆናችሁ ጥቆማ

«ጁጁትሱ ካይሰን» በሚባለው የጃፓን ምናባዊ ታሪክ ውስጥ ስላለው ክፉ መንፈስ፣ ስለ ሱኩና ሰምታችሁ ከየት እንደምትጀምሩ ግራ ለገባችሁ ነው። አኒሜ (የጃፓን ካርቱን ተከታታይ) አለ፣ ማንጋ (በሥዕል የሚነገረው መጽሐፍ) አለ፣ ፊልምም አለ። ሱኩናን ግን ሁሉም እኩል አያሳዩትም። እኔን ብትሰሙኝ በአኒሜው ጀምራችሁ በማንጋው ጨርሱ።

«መጀመሪያ ፊልሙን እዩ» የሚሉ ብዙ ናቸው። «ጁጁትሱ ካይሰን ዜሮ» ቆንጆ ፊልም ነው፣ ታሪኩም በጊዜ ይቀድማል። ግን የሌላ ገጸ ባሕርይ፣ የዩታ ኦኮትሱ ታሪክ ነው። ሱኩናን ብላችሁ ከመጣችሁ እዚያ አታገኙትም። ለኋላ አቆዩት።

የማፓ ስቱዲዮ አኒሜ እ.ኤ.አ. በ2020 ነው የጀመረው። የመጀመሪያው ሲዝን 24፣ ሁለተኛው 23 ክፍል አለው። ዋናው ገጸ ባሕርይ፣ ተማሪው ዩጂ ኢታዶሪ፣ ገና በመጀመሪያው ክፍል ሰው ለማዳን ሲል የተረገመ ጣት ይውጣል። ከሺህ ዓመት በፊት የኖረው የእርግማኖች ንጉሥ፣ ሱኩና፣ ከ20 ጣቶቹ በአንዱ በኩል የልጁ ገላ ውስጥ ይነቃል። ከዚያ በኋላ ሱኩና ብቅ የሚለው አልፎ አልፎ ነው። ታገሱት።

ድምፁን በጃፓንኛ ስሙት። የእንግሊዝኛው ሬይ ቼዝም ጎበዝ ነው፣ ለእኔ ግን ጁኒቺ ሱዋቤን የሚያህል የለም። ሳይጮህ ነው የሚያስፈራው።

ትዕግስታችሁ የሚካሰው በሁለተኛው ሲዝን 16ኛና 17ኛ ክፍል፣ በቶኪዮዋ ሰፈር ሺቡያ ላይ ነው። ያላያችሁ ይህን አንቀጽ ዝለሉት። ጆጎ የሚባለው የእሳተ ገሞራ መንፈስ ለዩጂ አስር ጣት አብልቶ ሱኩናን ይቀሰቅሰዋል። ሱኩና ምስጋና አያውቅም፤ «አንዴ ከነካኸኝ አገለግልሃለሁ» ይለውና ሕንፃ ለሕንፃ ይጫወትበታል። በመጨረሻም በራሱ በጆጎ መሣሪያ፣ በእሳት፣ ይገጥመዋል። ካሸነፈው በኋላ ግን ጠንካራ እንደነበረ ይነግረዋል፣ ጆጎም ያለቅሳል። ያን ሁሉ ሰው ያቃጠለ ፍጡር ሲያለቅስ አንጀት ይበላል። ቀጥሎ ማሆራጋ ከሚባለው ግዙፍ አውሬ ጋር ሲገጥም ዶሜይኑን፣ ማለትም ጥቃቱ ሳይስት የሚመታበትን የአስማት ክልሉን፣ ይከፍታል። የሌሎች ዶሜይን ጠላትን በግድግዳ ይዘጋል፣ የእሱ አይዘጋም። ማምለጫ ስለሚተው በልዋጩ ክልሉ እስከ 200 ሜትር ይሰፋል። ሺቡያ ላይ በ140 ሜትር ወስኖት እንኳ ሰፈሩ ባዶ ሜዳ ሆነ። ኢታዶሪ ገላውን መልሶ ሲያገኝ የሚያየው ያንን ነው።

ማንጋውስ? ጌጌ አኩታሚ እ.ኤ.አ. ከ2018 እስከ 2024 የጻፈው ነው፤ 271 ምዕራፍ፣ 30 ቅጽ። ሱኩና ከዩጂ አስተማሪ ከሳቶሩ ጎጆ ጋር የሚገጥመው ለዩጂ ታሪክ ማብቂያ ሲቃረብ ነው፣ እሱን ደግሞ ማንበብ ይሻላል። ዶሜይን በዶሜይን ላይ እየፈረሰ ሁለቱም በየደቂቃው ሂሳብ ይሠራሉ፤ ገጽ መልሶ እያነበቡ መከተል የግድ ነው። መጨረሻው አካባቢ ሥዕሉ የተቻኮለበት ቦታ አለ። ቢሆንም ሱኩና ምን አስቦ እንደሚዋጋ የሚገባችሁ እዚያ ነው።

አኒሜውን በክራንችሮል ታገኙታላችሁ። ኔትፍሊክስ ላይ ያለው እንደየአገሩ ይለያያል። ለማንጋው የአሳታሚው የሹኤሻ መተግበሪያ ማንጋ ፕላስ አለ፤ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ምዕራፎች በነጻ ቀምሳችሁ ትወስናላችሁ። የተሰረቀ ስካን ግን ተዉት፣ ትርጉሙ የዶሜይኑን ሕግ ያበላሽባችኋል።

ጃፓን የመሄድ ዕድል ያላችሁ ደግሞ ሂዳ፣ ታካያማ ከተማ ጎራ በሉ። ስሙ የተወሰደው ከዚያ አገር የአፈ ታሪክ ሱኩና ነው። እ.ኤ.አ. በ720 የተጠናቀቀው የጃፓን ጥንታዊ ዜና መዋዕል «ኒሆን ሾኪ» ሁለት ፊትና አራት እጅ ያለው፣ ንጉሠ ነገሥቱን አልታዘዝ ያለ ዘራፊ ይለዋል። የሂዳ ሰዎች ግን እንደ ጀግና ነው የሚያከብሩት። ሴንኮጂ ቤተ መቅደስ ውስጥ መነኩሴው ኤንኩ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከእንጨት የቀረጸው ሱኩና መጥረቢያ ይዞ ተቀምጧል። በዚያው አካባቢ በስሙ የሚጠራ ረጅም ዱባ ይመረታል፤ ወቅቱ ከሆነ ሳትቀምሱ እንዳትመለሱ።