ቦክሰር 150 ሞተር ሳይክል ላይ የሚሞቅ የመሪ እጀታ ለመግጠም፦ ዲናሞው ይችለዋል? ገመዱስ ከየት ይምጣ?

ጠያቂ፦ ሰላም ወንድሞች። ያለሁት ደብረ ብርሃን ነው፣ ሞተሬ ቦክሰር 150። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ወደ ጣርማበር ስወጣ በዚህ የኅዳር ውርጭ ጓንት አድርጌም ጣቴ ፍሬን ለመያዝ አይታዘዝም። የሚሞቅ የመሪ እጀታ ከውጭ ተልኮልኛል። 12 ቮልት፣ ሙሉው ላይ 4 አምፔር ይላል፤ ባለ 5 ደረጃ ማብሪያ አለው፣ ፊውዝ አለው፣ ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) የለውም። ዲናሞው ይችለዋል ወይ? ገመዱን ከየት ላምጣ? በጋዝ በኩል (በቀኝ) ያለው አሮጌ የእጀታ ጎማም አልወልቅ ብሎኛል።

ካቻቢቴ፦ ጎማውን ተወው፣ ምንም ሳትቆርጥ መጀመሪያ ለካ። 4 አምፔር ማለት ወደ 50 ዋት ነው፤ ለትንሽ ሞተር ቀላል ጭነት አይደለም። እጀታውን ሳትገጥም መሞከር ትችላለህ። ሁለት ባለ 21 ዋት የፍሬን አምፖል ግዛ፣ በፊውዝ በኩል ከባትሪው ጋር እሰራቸው። ሁለቱ አብረው 42 ዋት ስለሚወስዱ የእጀታውን ሙሉ ደረጃ ያህላሉ ማለት ይቻላል። ሞተሩን አሙቅ፣ የፊት መብራቱን አብራ፣ ቴስተሩን (የቮልት መለኪያውን) የባትሪው ጫፎች ላይ አድርገህ በመንገድ ላይ እንደምትነዳው ያህል ጋዝ ስጥ። 13.5 ቮልት እና ከዚያ በላይ ካሳየህ ምንም አትጨነቅ። 13 አካባቢ ከሆነ እንደ ነገሩ ነው። ከ12.7 በታች ከወረደ ግን ዲናሞው አልቻለም፤ የጎደለውን እየከፈለ ያለው ባትሪው ነው። ያው ልኬት ሚኒሞ ላይም (ጋዝ ሳትሰጥ) ይደገም።

የከተማው፦ የፊት መብራቱን በኤልኢዲ ቀይረው፣ ከዚያ የተረፈው ዋት ለእጀታው ይሆናል።

ማሳና ፖዘቲቭ፦ ይኼ ሁልጊዜ አይሠራም። ብዙ ትናንሽ ሞተሮች ላይ ሬጉሌተሩ (የዲናሞውን ቮልት የሚቆጣጠረው) የዲናሞውን ኃይል ለሁለት ይከፍለዋል፤ አንዱ ግማሽ በዲሲ (አቅጣጫው በማይለዋወጥ ኤሌክትሪክ) ባትሪ ይሞላል፣ ሌላው ግማሽ በኤሲ (አቅጣጫው በሚለዋወጥ ኤሌክትሪክ) ለፊት መብራት ይሄዳል። እንዲህ ያለው ላይ አምፖል ብትቀይር ለባትሪው የሚተርፍ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ለማወቅ ሞተሩ እየሠራ የፊት መብራቱን ሶኬት በቴስተር ለካው። በዲሲ የማይረባ ወይም የሚዋዥቅ ቁጥር፣ በኤሲ ደግሞ ትክክለኛ ቮልት ካሳየ መብራትህ ከባትሪው ጋር አይገናኝም።

ጠያቂ፣ ይኼ ላንተ የገመድ ጥያቄም ወሳኝ ነው። ሰው ሁሉ «የሪሌውን ማስነሻ ገመድ ከኋላ መብራት ቅዳ» ይላል። መብራቱ በኤሲ የሚሠራ ከሆነ ሪሌው እንደ ንብ ይጮሃል፣ ጥርሱም (የሚነካካው ጫፍ) ይቃጠላል። እኔ ብሆን ከክላክስ እቀዳለሁ። የክላክሱን ሁለት ገመድ ንቀል፣ ሞተር ሳታስነሳ ቁልፍ ክፈት፣ የቴስተሩን ጥቁር ማሳ (የባትሪው ኔጌቲቭ) ላይ፣ ቀዩን በየተራ ገመዶቹ ላይ አድርግ። 12 ቮልት የሚያሳየው፣ ቁልፍ ስትዘጋ ደግሞ የሚጠፋው እሱ ነው። ሳትነቅል ከለካህ ኤሌክትሪኩ በክላክሱ ውስጥ ስለሚያልፍ ሁለቱም 12 ያሳዩህና ትሳሳታለህ።

ሪሌው ተራ የመኪና 12 ቮልት፣ 30 አምፔር ይበቃል። በሪሌው እግሮች ላይ በተጻፈው ቁጥር መሠረት 86 ላይ ከክላክስ የቀዳኸውን፣ 85 ላይ ማሳ፣ 30 ላይ ከባትሪ ፖዘቲቭ የሚመጣውን፣ 87 ላይ የእጀታውን ቀይ ገመድ። የእጀታው ጥቁር በቀጥታ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ ይሂድ፤ ቀለም የተቀባ ሻንሲ ላይ አታስረው። ፊውዙ 7.5 አምፔር ሆኖ ከባትሪው በአንድ ስንዝር ርቀት ውስጥ ይሁን፤ ራቅ ብሎ ከተቀመጠ ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለው ገመድ ቢላጥና ሻንሲ ቢነካ የሚያድንህ የለም። ገመዱ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር። ሪሌውን ዝለለውና ከቁልፉ በቀጥታ አብላው የሚልህ ካለ አትስማ፤ የቁልፉ ጥርስ ለዚህ ጭነት አልተሠራም። መገጣጠሚያውን በስታኞ በይደው፣ ናስትሮ ብቻ ጠምዝዘህ አትተወው፤ የቦክሰር ንዝረት ይፈታዋል።

ጋዝ፦ ስለ እጀታው እኔ ልመልስ። በግራ በኩል አሮጌውን ጎማ በምላጭ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰንጥቀህ ላጠው። በቀኝ ግን ከጎማው ሥር የሚዞር የፕላስቲክ ቱቦ አለ፤ ምላጩን አጥልቀህ ካሳረፍክ እሱን ትሰነጥቀዋለህ። ቀስ እያልክ ደጋግመህ ቁረጥ። አንዳንዱ ላይ ጎማውና ቱቦው አንድ ላይ የተጣበቁ ናቸው፤ እንደዚያ ከሆነ ሳትታገል ሌላ ቱቦ ግዛ።

ቱቦው ላይ ጥርስ ጥርስ የሚመስል ከፍታ ታያለህ። በሞረድ አስተካክለው፣ በብርጭቆ ወረቀት ጨርሰው፣ ዳር ላይ ያለውንም ቀለበት ጭምር። አዲሱ እጀታ ያለ ማጣበቂያ በእጅ ግፊት እስከ መጨረሻው መግባት አለበት። ሁለቱ እጀታዎች አንድ አይደሉም፤ የመሪው ብረት 22 ሚሊሜትር ሲሆን ቱቦው ወደ 25 ነው፣ ሰፊው ቀዳዳ ለቀኝ ነው።

ከማጣበቅህ በፊት የገመዱን መውጫ ወስን። ቀኙን ገጥመህ ጋዙን ሙሉ አዙረው፤ ገመዱ የፍሬን እጀታውን ወይም የመብራት ማብሪያውን ሳጥን ከነካ ቦታውን ቀይር። የሚበጠሰው ሁልጊዜ እዚያው መውጫው ላይ ነው፣ ስለዚህ ከመታሰሩ በፊት ላላ ያለ ቀለበት ይተውለት። በእጀታውና በማብሪያው ሳጥን መሃል 2 ሚሊሜትር ክፍተት አስቀር፤ ከተጠጋ ጋዙ ይይዛል።

ማጣበቂያው ሱፐር ግሉ ነው። ብረቱንና ቱቦውን በቤንዚን ጠርገህ አድርቅ፣ ቀባውና እያዞርክ በአንድ ትንፋሽ ግፋው። መሃል ላይ ቆም ካልክ እዚያው ይቀራል፣ ለማውጣት መቁረጥ ነው። ከቱቦው ጫፍ አልፎ ወደ ብረቱ እንዳይፈስ ተጠንቀቅ፣ ጋዙን ከመሪው ጋር ያጣብቀዋል። መጨረሻ ላይ መሪውን ወደ ሁለቱም ጫፍ እያዞርክ ጋዙን ልቀቀው፤ በራሱ ጠብ ብሎ ካልተመለሰ አትነዳውም።

ጠያቂ፦ ተባረኩ። በአምፖል ለካሁት። በጋዝ ያለ ጭነት 14.1፣ በአንድ አምፖል 13.4፣ በሁለቱ 12.5። ሚኒሞ ላይ በሁለቱ 11.9። መግጠሙን ልተወው?

ካቻቢቴ፦ ግጠመው፣ ሙሉውን ግን ለረጅም ጊዜ አትጠቀም። አንድ አምፖል ማለት 21 ዋት ነው፤ እጀታው ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ደረጃ ላይ እዚያ አካባቢ ይወስዳል። መንገድ ላይ ሆነህ ለ5 ደቂቃ ሙሉው ላይ አሙቀው፣ ከዚያ ወደ ሁለት አውርደው። ሚኒሞ ላይ ቆመህ ሰው ስትጠብቅ አጥፋው። ሞተር አጥፍተህ ቁልፍ ከፍተህ እጀታውን ሙሉው ላይ ከተውከው ደግሞ ባለ 5 አምፔር ሰዓት ባትሪ አንድ ሰዓት እንኳ አይቆይልህም፣ በብርድ ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

ጋዝ፦ አንድ ነገር ልጨምር። ግራው ከቀኙ ቀዝቀዝ ቢልብህ ተበላሽቷል ብለህ አትፍታው። በቀኝ ፕላስቲክ ቱቦው ሙቀቱን ይይዝልሃል፤ በግራ ግን የመሪው ብረት ይስበዋል። እጀታው ሰፋ ካለ ከማጣበቅህ በፊት ግራውን ብረት በእሳት የሚኮማተር የገመድ ሽፋን አልብሰው። ከእጅህ ፊት ደግሞ የንፋስ መከላከያ ግጠም፤ እጀታው የሚያሞቀው መዳፍህን ነው፣ የጣትህን ጀርባ የሚያቀዘቅዘው ንፋሱ ነው። መከላከያ ካለህ በሁለተኛው ደረጃ ትጨርሳለህ፣ ባትሪህም አይነካም።