የቀይ ሽብር ወረቀቶች፦ በየከተማው ያለን ሰዎች የጋራ ፕሮፖዛል፣ ሁለተኛ ረቂቅ

ጸሐፊ፦ በቤተሰብ እጅ ያሉ ደብዳቤዎች፣ ፎቶዎችና ለእስረኛ ከሚገባ ስንቅ ጋር የተላኩ ወረቀቶች ስካን ይደረጋሉ፤ ለመጀመሪያው ዙር 2,000 ገጽ። 600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ)፣ በቀለም፣ በቲፍ (ጥራቱ በማይቀንስ የምስል ፋይል)። አንድ ኤ4 ገጽ 100 ሜጋባይት ያህል ስለሚይዝ ጠቅላላው 200 ጊጋባይት ነው፤ ሦስት ቅጂ፣ አንዱ ሌላ ከተማ ይቀመጣል። ገንዘብ የምንጠይቀው ለስካነር፣ ለሃርድ ዲስክና ለአንድ ሠራተኛ የ6 ወር ደመወዝ ነው። እስከ ዓርብ አስተያየት።

ስቶክሆልም፦ ለእያንዳንዱ ወረቀት የምንሞላው ቅጽ "ቀን" ብቻ ይላል። በየትኛው አቆጣጠር?

ዋሽንግተን፦ በእኛው ነዋ። ወረቀቱ ኅዳር 1970 ካለ ኅዳር 1970 ነው።

ስቶክሆልም፦ ገንዘብ ሰጪው 1970 ሲያይ ንጉሡ ገና ዙፋን ላይ ናቸው ብሎ ነው የሚያነበው። በፈረንጅ ይሁን።

ዋሽንግተን፦ እናቶች ሙት ዓመት የሚያወጡት በሐበሻ ቀን ነው። ለለጋሽ ብለን የልጆቹን ቀን አንነካም።

አትላንታ፦ ደግሞስ ማን ሊቀይረው? ባለፈው ዝርዝር ሁሉም ላይ 8 ዓመት ተደምሮ መጣ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 የሚደመረው 7 ነው፤ ከዚያ በኋላ 8። ኅዳር 1970 ኖቬምበር 1977 ሆኖ ሳለ 1978 ተብሎ ገብቷል። 1968ን ለብቻ እዩት፤ የ1967 ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበረች መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ሁለት ዓምድ ይደረግና ይለቅ።

ዋሽንግተን፦ የትኛው ይቀድማል?

ስቶክሆልም፦ በፈረንጆቹ 2017 ሄግ ላይ በኔዘርላንድ ፍርድ ቤት የተፈረደው ፍርድ የደብረ ማርቆሱን የ75 ሰው ግድያ ኦገስት 1978 ይለዋል። የእኛ ወረቀት ነሐሴ 1970 ይላል። የሚያመሳክር ሰው በምን ያግኘው?

ዋሽንግተን፦ የደርግ ባለሥልጣናትን የከሰሰው ልዩ ዐቃቤ ሕግ ክሱን የጻፈው በእኛ ቀን ነው። አንተ የሚያስጨንቅህ ፈረንጁ እንጂ ሟቾቹ አይደሉም።

ስቶክሆልም፦ ይህን ቃል አንሣ። ካላነሣህ ከፕሮፖዛሉ ወጥቻለሁ።

መዝገብ ክፍል፦ ተዉ እስቲ። በሲጋራ ወረቀት በእርሳስ የተጻፉት ብጣሾች ጭራሽ ቀን የላቸውም። ፕላስተር አትለጥፉባቸው፣ ላሚኔት አታድርጓቸው፤ ሙጫው ቢጫ ይሆንና እርሳሱን ይዞት ይነሣል። የፎቶው ጀርባም ስካን ይደረግ፤ የፎቶ ቤቱ ማኅተም ያለው እዚያ ነው። "ስንቅ አታምጡ" የተባለበት ቀን የሞት ቀን ተብሎ አይመዝገብ። ሰውዬው ከዚያ በፊት ተገድሎ፣ ወይ ወደ ሌላ እስር ቤት ተዛውሮ ሊሆን ይችላል፤ "ወሬው የተቋረጠበት" ይባል። ሌላው፣ ደብዳቤዎቹ ውስጥ የጠቋሚ ስም አለ። በሕይወት ያለ ሰው ይኖራል። ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት ማን ያነባቸዋል?

ዋሽንግተን፦ እሺ፣ ሁለት ዓምድ። የእኛው ይቅደም።

ስቶክሆልም፦ ቃሉስ?

ዋሽንግተን፦ አንሥቻለሁ። ተናድጄ ነው።

አትላንታ፦ ስካን እናደርጋለን ያሉት ሁለቱ ልጆች የት ገቡ?

ጸሐፊ፦ ስልክ አያነሡም።

ገንዘብ ያዥ፦ እንግዲያው ስካነሩ ይቆይ። ሚያዝያ 21፣ ሜይ ዴይ ሁለት ቀን ሲቀረው የተጨፈጨፉት መታሰቢያ ሊደርስ ነው። በእጃችን ባለው ገንዘብ ባለ 80 ገጽ መጽሔት እናሳትም፤ ፎቶና ስም ብቻ።

ዋሽንግተን፦ ይህ ይሻላል። ሽፋኑ ላይ ሚያዝያ 21 ቀን 1969 ይጻፍ።

ስቶክሆልም፦ ከሥሩ ኤፕሪል 29፣ 1977።

ዋሽንግተን፦ በትንሽ ፊደል።

አትላንታ፦ ለመጽሔት 300 ዲፒአይ ይበቃል ተብሎ በዚያው እንዳይቀር። ወረቀቱ ሁለተኛ አይወጣም፤ አንዴ ከተነካ በ600 ይሁን።

ጸሐፊ፦ ሦስተኛው ረቂቅ ነገ ይወጣል፦ መጽሔት፣ እና 300 ገጽ ስካን።

መዝገብ ክፍል፦ እና የጠቋሚዎቹን ስም ማን ያያል?