ኢ ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ግራ አጋብቶኛል፣ የገባችሁ አስረዱኝ

ሰላም ወገን። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነኝ፤ መብራት ጠፍቶ በሻማ እያጠናሁ ነው። ሰኞ ፈተና አለ።

ኢ ኮላይ ጥሩ ምግብ ካገኘ በ20 ደቂቃ ለሁለት ይከፈላል። ክሮሞዞሙን (ዘሩን የያዘውን የዲኤንኤ ክር) ለመቅዳት ግን 40 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ አንዱ ቅጂ ሳያልቅ ሌላው ይጀመራል። እንጀራው ሳይወጣ ሌላ ሊጥ እንደማፍሰስ ነው። እናቴ ብታይ ታብዳለች!

ዲኤንኤ-ኤ የሚባለው ፕሮቲን ኤቲፒ (ኃይል የሚሸከም ሞለኪውል) ይዞ መነሻው ላይ፣ ማለትም ቅጂው የሚጀመርበት ቦታ ላይ፣ ሲከማች የዲኤንኤው ድርብ ክር ይከፈታል። ወዲያው ሴክ-ኤ የሚባለው ሌላ ፕሮቲን መጥቶ አዲሱን መነሻ ይሸፍናል። አዲሱ ክር ገና ሜቲል የሚባለው ትንሽ የኬሚካል ምልክት ስላልተለጠፈበት ነው የሚለየው። እዚህ ድረስ ገብቶኛል።

የከበደኝ ይሄ ነው፦ ሴሉ ውስጥ 4 መነሻ ካለ፣ ሁሉም እንዴት ባንድ ጊዜ ይጀምራሉ? ቅጂው ሲጀመር ዲኤንኤ-ኤ የያዘው ኤቲፒ ወደ ኤዲፒ ይቀየራል፣ ፕሮቲኑም ሥራ ይፈታል ይላል ማስታወሻዬ። ታዲያ አንዱ ቀድሞ ቢነሳ የቀሩት ለምን አይዘጉም? ሴክ-ኤ ጊዜ እየገዛላቸው ይሆን? በሥዕል ማስረዳት የምትችሉ ካላችሁ፣ እባካችሁ ዛሬ ማታ።