ካልኩሌተር ላይ የሠራሁት የቫት ፋንክሽን አንድ ሳንቲም አዛባብኝ

አራዳ_ሱቅ፦
ሰላም እንዴት ዋላችሁ። ጎንደር አራዳ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ አለኝ፣ ለደንበኛ ዋጋ የምናገረው ቫትን ጨምሬ ነው፣ ማታ ሒሳብ ስዘጋ ግን ያለ ቫት ስንት እንደሆነ ለይቼ መመዝገብ አለብኝ። በየዕቃው ለ1.15 አካፍል እያሉ መጻፍ ሲሰለቸኝ ላፕቶፑ ላይ ስፒድክራንች የሚባለውን ካልኩሌተር ጫንኩና የራሴን ፋንክሽን ሠራሁ፣ ያለቫት(ዋጋ) = ዋጋ / 1.15 ዓይነት ነገር፣ ውጤቱንም ከነጥብ በኋላ 2 ዲጂት ብቻ እንዲያሳይ አደረግኩት። ባለ 250 ብሩን ሶኬት ስሰጠው 217.39 አለኝ፣ እሺ። እዛው ላይ ፋንክሽኑን በ7 ሳባዛው 1521.74 ይላል። ስልኬ ላይ 217.39 በ7 ስለው ግን 1521.73 ነው። የቱን ልያዝ? ሶፍትዌሩ ነው የተበላሸው ወይስ ፋንክሽኑ ላይ የጎደለ ነገር አለ?

ማራኪ_ኮደር፦
ምንም የተበላሸ ነገር የለም ወንድምዓለም። አንተ የቀየርከው ማሳያውን ነው እንጂ ቁጥሩን አይደለም። 250 ለ1.15 ሲካፈል 217.3913043... እያለ ይቀጥላል፣ ካልኩሌተሩ ውስጥ ያለው እሱ ነው፣ ስክሪኑ ላይ 217.39 ብቻ ስለታየህ የቀረው የትም አልሄደም፣ መጋረጃ ጋረድክበት እንጂ ዕቃው ቤት ውስጥ ነው። ስለዚህ በ7 ሲባዛ የተደበቀውም አብሮ ይባዛና 1521.7391 ይሆናል፣ እሱ ሲታይ 1521.74። ስልክህ ላይ ደግሞ በእጅህ የቆረጥከውን 217.39 ነው ያስገባኸው። ሁለቱም የተሰጣቸውን በትክክል አስልተዋል።

ከምር ሳንቲም ላይ እንዲቆም ከፈለግክ ፋንክሽኑ ውስጥ የሚያጠጋጋውን ራውንድ ጨምር፣ ራውንድ(ዋጋ / 1.15; 2)። መለያው ኮማ ሳይሆን ሴሚኮለን (;) መሆኑን አትርሳ። አንድ ነገር ግን ልብ በል፣ ሁሉም ፕሮግራም እኩል መሀል ላይ ያለን ቁጥር አንድ ዓይነት አያጠጋጋም። ኤክሴል 2.5ን ወደ 3 ያደርገዋል፣ ፓይተን የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ 2 ይልሃል ምክንያቱም መሀል ላይ ሲሆን ለ2 እኩል ወደሚካፈለው ቁጥር ነው የሚወስደው፣ 3.5ን ደግሞ 4 ያደርገዋል። አንዱን ከሌላው ጋር እያመሳከርክ ከሆነ በዚህ እንዳትጣላ።

ባለ_ሊኑክስ_አዘዞ፦
እኔ ተርሚናል ላይ ቢሲ የሚባለውን በጽሑፍ የሚታዘዝ ካልኩሌተር ነው የምጠቀመው፣ እዛ ደግሞ ጉዱ ሌላ ነው። ስኬል = 2 (ከነጥብ በኋላ 2 ዲጂት) ካልከው ማካፈል ላይ ይቆርጣል እንጂ አያጠጋጋም። 1000 ለ1.15 በለው፣ 869.56 ይልሃል፣ ማጠጋጋት ቢሆን 869.57 ነበር። 2 ለ3 አካፍለህ መልሰህ በ3 ብታባዛው 1.98 ይሰጥሃል 😂 በሱ ደሞዝ የሚሠራ ሰው አያድርስ። መፍትሔው ስኬሉን 20 አድርጎ ማስላት፣ መጨረሻ ላይ 0.005 ደምሮ በስኬል 2 ለ1 ማካፈል ነው፣ ተመላሽ ዕቃ ሆኖ ቁጥሩ ኔጌቲቭ ከሆነ ደግሞ 0.005ን መቀነስ። ይህን ፋንክሽን ውስጥ ስታስገባው ስኬል ለጠቅላላው ፕሮግራም አንድ ስለሆነ ፋንክሽኑ ውስጥ የቀየርከው ውጭም ተቀይሮ ይቆይሃል፣ መጀመሪያ የነበረውን ሌላ ስም ላይ አስቀምጠህ ስትወጣ መልሰው።

አካውንታንቷ፦
ልጆቹ ስለ ሶፍትዌሩ ያሉት ልክ ነው፣ ግን ራውንዱን ፋንክሽኑ ውስጥ ክተት የተባለው ላይ አልስማማም፣ የት ላይ ነው የምታጠጋጋው የሚለው ነው ዋናው። ያንተኑ ሶኬት እንውሰድ። በ7ቱ ድምር ላይ ብታጠጋጋ 1750 ብር ነው የተሸጠው፣ ያለ ቫት 1521.74፣ ቫቱ 228.26፣ ድምሩ ይገጥማል። አንዷን አጠጋግተህ በ7 ብታባዛ 1521.73 ይሆናል፣ በዛ ላይ 15 በመቶ ስትጨምር ቫቱ ያው 228.26፣ ድምሩ ግን 1749.99 ይመጣብሃል፣ ደንበኛው የከፈለው 1750 ሆኖ ሳለ! ቫቱንም በአንድ በአንዱ 32.61 ብለህ ብታባዛ ድምሩ ይገጥማል ግን ቫቱ 228.27 ይሆናል። ሦስቱም መንገድ ሒሳብ ነው፣ አንዲት ሳንቲም ግን ወዲያ ወዲህ ትላለች፣ ወር ሙሉ ሲጠራቀም ደግሞ መፈለጊያው ያደክማል።

ስለዚህ የካሽ ሬጅስተርህን ደረሰኝ አውጣና ማሽኑ የትኛውን እንደሚያደርግ እይ፣ ደብተርህ ከደረሰኙ ጋር ነው መግጠም ያለበት እንጂ ከካልኩሌተሩ ጋር አይደለም። ቫቱን ደግሞ ለብቻው አታስላ፣ ከጠቅላላው ላይ ያለ ቫቱን ቀንሰህ አግኘው።

ማራኪ_ኮደር፦
@አካውንታንቷ ልክ ነሽ፣ እንደዛ ከሆነ ፋንክሽኑ ሁለት ነገር ይቀበል፣ ዋጋና ብዛት። ያለቫት(ዋጋ; ብዛት) = ራውንድ(ዋጋ * ብዛት / 1.15; 2)። ማሽኑ በአንድ በአንዱ የሚያጠጋጋ ከሆነ ብዛቱን ከራውንዱ ውጭ ማውጣት ነው፣ ሌላ ለውጥ የለውም።

አራዳ_ሱቅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደረሰኙን አየሁት፣ በድምሩ ላይ ነው የሚያጠጋጋው፣ 1521.74 ይላል። ባለ ሁለቱን ፋንክሽን ጻፍኩት ሠራ። ግን ይሄን ሁሉ ኤክሴል ላይ ባደርገው አይሻልም ወይ? 0.1 እና 0.2 ሲደመር 0.3 አይሆንም የሚሉት ነገር አለ፣ ያስፈራኛል።

ባለ_ሊኑክስ_አዘዞ፦
አዎ ብዙ ፕሮግራም ቁጥሩን በሁለትዮሽ (በ0 እና በ1 ብቻ) ስለሚይዘው 0.1ን በትክክል መጻፍ አይችልም፣ ፓይተን ላይ ብትደምራቸው 0.30000000000000004 ይወጣል። ለሱቅ ሒሳብ አያሰጋህም፣ ኤክሴል 15 ዲጂት ድረስ ይይዛል፣ ያንተ ገቢ እዛ ከደረሰ ጋብዘን 😄 የሚያስቸግረው ማወዳደር ላይ ነው፣ ሁለቱ እኩል ናቸው ወይ ስትለው አይደሉም ሊልህ ይችላል፣ ሁለቱንም ራውንድ አድርገህ ጠይቀው። ካልሆነም ሁሉን በሳንቲም ያዘው፣ 250 ብርን 25000 ብለህ፣ ያኔ መደመርና መቀነሱ ላይ ነጥብ የሚባል ነገር የለም፣ ማካፈሉ ላይ ብቻ ነው የምታጠጋጋው። የራስህን ፋንክሽን ኤክሴል ላይ ላምዳ በሚባለው ትእዛዝ ትሠራዋለህ፣ ግን አዲሱ ላይ ነው ያለው፣ ኤክሴል 2016 ከሆነ የጫንከው አታገኘውም።

አካውንታንቷ፦
እና ኤክሴል ላይ 16 ዲጂት ያለው ቁጥር እንደ ቁጥር እንዳትጽፍበት፣ የመጨረሻዋን ዜሮ ያደርጋታል። ሴሉን መጀመሪያ ቴክስት አድርገው።