አካፋዩ ሳይገኝ «ፕራይም አይደለም» ማለት እንዴት ይቻላል?

ሰላም ለሁላችሁ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የ12ኛ ክፍል ልጆችን አስጠናለሁ። አንዷ ተማሪዬ ያመጣችው ጥያቄ አላስተኛ ብሎኛል።

ቁጥሩ 2 ፓወር 67 ሲቀነስ 1 ነው፤ 147573952589676412927። የስልኬ ካልኩሌተር መጨረሻ ያሉትን አሃዞች ስለሚቆርጥ በሱ ማካፈል አይታሰብም።

ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ሉካስ እ.ኤ.አ. በ1876 ቁጥሩ ፕራይም እንዳልሆነ አረጋገጠ። አካፋዮቹን፣ 193707721 እና 761838257287ን፣ አሜሪካዊው ኮል ያሳወቀው ግን በ1903 ነው። በጣም ይገርማል!

ኋላ ሌህመር ያቀለለው ዘዴ እንዲህ ነው። ከ4 ተነሳ፣ ስኩዌር አድርግ፣ 2 ቀንስ፣ በቁጥሩ አካፍለህ ቀሪውን ያዝ። ይህን ከፓወሩ 2 ቀንሰህ በሚቀረው ያህል ጊዜ ደጋግም፤ መጨረሻ ላይ ዜሮ ከመጣ ፕራይም ነው። በ31 (2 ፓወር 5 ሲቀነስ 1) ስንሞክረው 4፣ 14፣ 8፣ 0 መጣ፤ ፕራይም ነው። ለኛ ቁጥር ይሄ 65 ጊዜ ተደግሞ ዜሮ አይመጣም፤ ስለዚህ ፕራይም አይደለም።

ግን ለምን ይሠራል? ልጅቷ «እመን ብቻ» ተብላ የምትመለስ አይደለችም። ማረጋገጫውን በ12ኛ ክፍል ሒሳብ ልታስረዱን የምትችሉ፣ እባካችሁ ተባበሩን።